ጥንቸልና አልጌ ይዤ የት እቀጠራለሁ?

«በእንስሳት እርባታ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው። አማካሪዬ ስፒሩሊና የተባለው አልጌ ከመኖ ጋር ሲሰጥ የወንድ ጥንቸል የዘር ጥራት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ እንዳጠና ሐሳብ አቀረቡልኝ። ጓደኞቼ ‹ሀበሻ ጥንቸል አይበላ፣ ማን ሊቀጥርሽ ነው?› እያሉ ይስቁብኛል። ርዕሱን ልቀይር?»

እህቴ፣ አትቀይሪ። ጓደኞችሽም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ሰኮናው ያልተሰነጠቀ እንስሳ በብዙዎቻችን ማዕድ አይቀርብም፣ «የጥንቸል ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ስትጠብቂም ታረጃለሽ። ግን የሚያስቀጥርሽ ጥንቸሉ ሳይሆን በጥንቸሉ ላይ የምታሠለጥኚው እጅሽ ነው። ዘር መቀበል፣ እንቅስቃሴውን በማይክሮስኮፕ መገምገም፣ መቁጠር፣ ማቅጠን፣ መኖ መቀመር፤ ቃሊቲ ያለው የኮርማ ዘር ማምረቻም ሆነ የግል የወተት እርባታ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ደግሞ ጥንቸል እንደ ኮርማ ወግቶ አይጥልሽም።

አንድ ጊዜ በአንድ የወተት እርባታ የቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጬ ነበር። ልጁ ውጤቱ ጥሩ ነው፣ ቴሲሱም የዘር ጥራት ላይ ነው። «ስላይዱን፣ ዘሩ የሚንጠባጠብበትን የማይክሮስኮፕ መስታወት፣ ስንት ዲግሪ ላይ አሞቅኸው?» ተባለ። ዝም አለ። በቀዝቃዛ መስታወት ላይ የተንጠባጠበ ዘር በሕይወት እያለ የሞተ ይመስላል፤ 37 ዲግሪ ላይ ያልተሞቀ ስላይድ ቁጥሩን ሁሉ ያበላሸዋል። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

አሁን ወደ ፕሮፖዛልሽ። እኔን የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። በጥንቸል አንድ የዘር ሕዋስ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሰባት ሳምንት ያህል፣ ከዚያ እስኪበስል ደግሞ ተጨማሪ ቀናት ይፈልጋል። አልጌውን አንድ ወር አብልተሽ ዘር ብትመረምሪ የምታዪው ከአልጌው በፊት መሠራት የጀመረውን ነው። ከዘጠኝ ሳምንት በታች አትፈርሚ፤ በጀት አነሰ ከተባለ የጥንቸሉን ቁጥር ከመቀነስሽ በፊት ከአማካሪሽ ጋር ተከራከሪ።

ሁለተኛው ፕሮቲን ነው። ደረቅ ስፒሩሊና ከግማሽ በላይ ፕሮቲን ስለሆነ፣ አልጌ የማይበላው ቡድን መኖም በፕሮቲን እኩል ካልሆነ ለውጡን ያመጣው አልጌው ይሁን ፕሮቲኑ አታውቂም። ሙቀትንም አስቢበት። የጥንቸል የዘር ሕዋስ ሽፋን በቀላሉ ኦክሳይድ በሚሆን፣ ማለትም በኦክስጅን በሚበላሽ፣ ቅባት የተሞላ ነው፤ የአየሩ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። በግብፅ ርዕሱ ብዙ የተጠናው በበጋው ሙቀት ምክንያት ነው። የስፒሩሊና ሰማያዊ ቀለም፣ ፋይኮሲያኒን፣ ይጠቅማል የሚባለው ያንን ጉዳት በመከላከል ነውና፣ ቀዝቀዝ ያለ ቤት ውስጥ ጠግቦ ለሚያድር ጥንቸል ብትሰጪው ምንም ልዩነት ላታዪ ትችያለሽ።

ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ በስፒሩሊና የታወቀ ነው፤ ይህን በመግቢያሽ ጻፊው። ከሐይቁ ቀድተሽ ግን አታብዪ፣ አብረውት የሚያድጉ መርዛማ ዝርያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ፈታኞችሽም «አልጌ ነው ወይስ ባክቴሪያ?» ማለታቸው አይቀርም። በትክክለኛው ምደባ ሳያኖባክቴሪያ፣ ማለትም የባክቴሪያ ወገን ነው፤ አልጌ የምንለው በልማድ ነው።

ሲቪሽ ላይ የቴሲሱን ርዕስ ከታች አድርጊው። ከላይ «የዘር ጥራት ምርመራ» ብለሽ ስንት ናሙና በእጅሽ እንደመረመርሽ ጻፊ።