የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቴርሞስታቱ ይውጣ ወይስ ይቀመጥ?

ጥያቄ፦ መኪናዬ ባለ ካርቡራተር የቆየች ናት። ውሃ ታፈላ ስለነበር መካኒኩ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው። ማፍላቱ ቀነሰ፤ ነገር ግን የሙቀት ጌጁ ከታች ብዙም አይነሳም፣ ነዳጅ መብላቷም ጨምሯል። የዘይት መሙያው ክዳን ውስጥም ነጣ ያለ ነገር አየሁ። ይገናኛሉ?

መልስ፦ አዎ፣ በደንብ ይገናኛሉ። ሞተርን የሚጎዳው ከልክ በላይ መጋሉ ብቻ አይደለም፤ ሳይሞቅ መሥራቱም ይበላዋል። አብዛኞቹ የቆዩ ሞተሮች በደንብ የሚሠሩት የውሃው ሙቀት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። ቴርሞስታት ውሃው ወደ ራዲያተር የሚሄድበትን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ ነው፤ ውስጡ ያለው ሰም እዚያ ሙቀት አካባቢ ሲደርስ ይቀልጥና ይሰፋል፣ ቫልቩንም ገፍቶ ይከፍታል። እስከዚያ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይሄድ ሞተሩ ውስጥ ብቻ ይዞራል። ቴርሞስታቱ ከወጣ ግን ሞተሩ ከተነሳበት ደቂቃ ጀምሮ ውሃው ራዲያተር ውስጥ እያለፈ ይቀዘቅዛል። በቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን በወጉ አይተንም፤ ሳይቃጠል የቀረው የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት አጥቦ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዘይቱንም ያቀጥነዋል። ከቃጠሎው የሚወጣው እርጥበትም ዘይቱ በቂ ስላልሞቀ ተኖ አይወጣም። ክዳኑ ውስጥ ያዩት ነጭ ነገር በአብዛኛው የዚህ እርጥበት ውጤት ነው። የራዲያተሩ ውሃ መጠን ያለ ምክንያት የሚቀንስ ከሆነ ግን የቴስታታ ጋርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይመርመር።

ሌላም ወጥመድ አለ። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ዲስክ አለው፤ ላይኛው ሲከፈት ታችኛው ውሃው ራዲያተር ሳይነካ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። እንዲህ ካለው ሞተር ላይ ቴርሞስታት ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ከትኩሱ ውሃ የተወሰነው ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በሜዳ ላይ ቀዝቅዛ የምትሄድ መኪና ረጅም ዳገት ላይ የምታፈላው በዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሞተሩ መመሪያ የሚያዘውን ቴርሞስታት ያስገጥሙ። መክፈቻው ዲግሪ እላዩ ላይ ተቀርጿል፤ 82 ወይም 88 የሚሉት የተለመዱ ናቸው። ከመግጠምዎ በፊት ይፈትኑት። ድስት ውሃ ይጣዱ፣ ቴርሞስታቱንና ቴርሞሜትር በክር አንጠልጥለው ያስገቡ፤ የድስቱን ታች ከነኩ ንባቡ ያሳስታል። ውሃውን ቀስ ብለው ያሙቁ። ቫልቩ ከተጻፈው ዲግሪ በ2 ወይም 3 ዲግሪ ልዩነት ውስጥ መከፈት መጀመር፣ ከዚያ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሲጨምር ደግሞ እስከ መጨረሻው መከፈት አለበት። ከውሃው ሲያወጡት ጥብቅ ብሎ ካልተዘጋ አይግጠሙት። ሲገጠም የሰሙ ማቀፊያና ስፕሪንጉ ወደ ሞተሩ ይዞራሉ፤ ትንሿ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ካለችው ወደ ላይ ትሁን። የድሮው ጋርኒሲዮን ቅሪት በደንብ ይፋቅ፣ አለበለዚያ አዲሱም ያንጠባጥባል።

መጀመሪያ ላይ ያፈላት ምክንያት ግን አሁንም እዚያው አለ። የሚቀጥለው መልስ እርስዎንም ይመለከታል።

ጥያቄ፦ መንገድ ሲጨናነቅ ጌጁ ወደ ላይ ይወጣል፣ ስነዳ ይወርዳል። ራዲያተሩ ይቀየር?

መልስ፦ አይቸኩሉ። ሲቆሙ የሚሞቅና ሲሄዱ የሚቀዘቅዝ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ያነሰው አየር ነው፤ ስለዚህ በፋኑ ይጀምሩ። ፋኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነና የሙቀት ስዊቹ ባለ ሁለት ሽቦ ከሆነ፣ ሶኬቱን ነቅለው ሁለቱን ሽቦዎች በአጭር ሽቦ ያገናኙ፤ ቁልፉ ይከፈት፣ እጅዎም ከፋኑ ይራቅ። ፋኑ ከዞረ ጥፋቱ የስዊቹ ነው። ካልዞረ ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ ከዚያ የፋኑን ሞተር ይመርምሩ። ፋኑ ከሞተሩ ጋር በክላች የሚዞር ከሆነ ደግሞ ሞተሩ በጣም ከሞቀ በኋላ አጥፍተው በእጅ ገፋ ያድርጉት። ያለ ምንም ተቃውሞ ብዙ ዙር ከዞረ ወይም ክላቹ ዙሪያ የዘይት እርጥበት ካለ ክላቹ አልቋል። የፋኑ ሽፋን ተነቅሎ የቀረባቸው መኪኖችም ብዙ ናቸው፤ ያለ እሱ ፋኑ የሚስበው አየር በራዲያተሩ ውስጥ ሳይሆን በጎኑ ያልፋል።

ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ በፍጥነት ወይም በዳገት ላይ ብቻ ከሞቀ ራዲያተሩን ይጠርጥሩ። መጀመሪያ በውጭ በኩል የተጠቀጠቀውን አፈርና ነፍሳት ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በሚፈስ ለስላሳ ውሃ ይጠቡት። የታችኛውን ማኒኮቶም (የራዲያተሩን የጎማ ቱቦ) ይመልከቱ፦ ሞተሩ ሙቅ ሆኖ ዙሩ ከፍ ሲል ከተጨማደደ ፓምፑ የሚስበው ውሃ እየታነቀ ነው። የዘገየ የእሳት አሰጣጥም (የሻማው እሳት ከጊዜው ዘግይቶ መምጣቱ) ሞተሩን ያግለዋል፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ጥያቄ፦ ራዲያተሩ ክዳን ላይ 0.9 ይላል። ሌላ ክዳን ብገጥም ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ክዳኑ የሚይዘው ግፊት 0.9 ባር ነው ማለት ነው። ንጹህ ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ በ100 ዲግሪ ቢፈላም በ0.9 ባር ክዳን ሥር እስከ 118 ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ክዳኑ ከደከመ ጤነኛ ሞተርም ያፈላል። ከታዘዘው በላይ የሆነ ክዳን ደግሞ ያረጀውን ራዲያተርና ማኒኮቶ ያፈነዳል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ወይም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ላይኛው ማኒኮቶ ከተጣበቀ ክዳኑን በዚያው ቁጥር ይቀይሩ። ሞተሩ ትኩስ እያለ ግን በፍጹም አይክፈቱት።

ጥያቄ፦ ውሃውን ከቀየርኩ በኋላ ጌጁ ይዘላል፣ የውስጥ ማሞቂያውም ቀዝቃዛ ነው።

መልስ፦ አየር ታፍኗል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የመኪናውን አፍንጫ ከፍ አድርገው ያቁሙ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ የራዲያተሩን ክዳን አውጥተው ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡ) ያስነሱ። ማኒኮቶዎቹን በጓንት እየተጫኑ ውሃው ሲወርድ ይሙሉ። ላይኛው ማኒኮቶ ድንገት ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል ማለት ነው፤ አረፋው እስኪያቆም ይጠብቁና ክዳኑን ይግጠሙ።

ሲሞሉ ኩላንቱን አስቀድሙ። ሲስተሙ 6 ሊትር የሚይዝ ከሆነ 3 ሊትር ያልተበረዘ ኩላንት ጨምረው ቀሪውን በተጣራ ውሃ ይሙሉት፤ አለበለዚያ ሞተሩ ውስጥ የሚቀረው የማጠቢያ ውሃ ድብልቁን ያቀጥነዋል። ግማሽ በግማሹ ድብልቅ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም፣ ዝገትንም ይከላከላል። የቧንቧ ውሃ ብቻ መጠቀም ግን ውስጡን በኖራና በዝገት ይሞላል።

አየሩ ወጥቶም አረፋው ካላቆመ፣ በተለይ ነዳጅ ሲሰጡ ከጨመረ፣ የቃጠሎ ጋዝ በቴስታታው ጋርኒሲዮን እየሾለከ ነው። እንዲያ ሆኖ አይነዷት፤ ቴስታታው ከተጣመመ ጥገናው ጋርኒሲዮን በመቀየር አይወሰንም።