ሠላሳ ጊዜ የተቀመጠው ሰው

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ሥራችሁን ስታሳዩኝ ብዙዎቻችሁ የሰው ፊት በሦስት ማዕዘንና በክብ ከፋፍላችሁ ስላችኋል። ቀለም አያያዛችሁ ያስደስታል። «ይሄ ማን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ግን «ማንም አይደለም፣ አብስትራክት (ቅርጽና ቀለም ብቻ) ነው» የሚል መልስ ደጋግሜ ሰማሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነው።

ስፔናዊው ሠዓሊ ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1910 መጸው፣ ፓሪስ ውስጥ የሳለው የዳንኤል-ሄንሪ ካንዌይለር ፖርትሬት (የሰውየው መልክ ሥዕል) ዛሬ ቺካጎ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ተሰቅሏል። ቁመቱ አንድ ሜትር ግድም ነው። ቡናማ፣ ግራጫ፣ ጥቁርና ጥቂት ነጭ፤ ሌላ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል። በመጀመሪያ እይታ ወድቆ የተሰባበረ መስተዋት ይመስላል። ቆም ብላችሁ ካያችሁት ግን ከታች መሃል ላይ የተቆላለፉ ሁለት እጆች ብቅ ይላሉ። ከዚያ የሰዓት ሰንሰለት፣ ከላይ ደግሞ እንደ ማዕበል የተኛ ፀጉር።

ካንዌይለር ገና የ26 ዓመት ወጣት ነበር። የጀርመን ተወላጅ ነው፤ በ1907 ፓሪስ ጋለሪ ከፍቶ ጥቂቶች ብቻ የሚደፍሯቸውን ሥዕሎች ይገዛ ነበር። ለዚህ ሥዕል እስከ 30 ጊዜ ያህል እንደተቀመጠ ይነገራል። ሠላሳ ጊዜ! ፒካሶ በዚያው ዓመት በጋውን ካዳኬስ በምትባል የስፔን የባሕር ዳርቻ ከተማ አሳልፎ፣ ምንነታቸውን ለመለየት የሚያስቸግሩ ሥዕሎች ይዞ ተመልሷል። ማንንም ሳያስቀምጥ ከራሱ አውጥቶ መሳል የሚያቅተው ሰው አልነበረም። ግን አስቀመጠው፣ አየው፣ ደግሞ አየው። እኔ እንደሚመስለኝ እነዚያን እጆች ያተረፈልን ይህ ነው፤ ከሰውየው ምን ቢቀር ሰውየው እንደሚጠፋ ለይቶ ያውቅ ነበር።

እናንተም እናታችሁን ወይም ጎረቤታችሁን አሥር ቀን አስቀምጡ። መጀመሪያ እንዳለች ንደፏት። ከዚያ በየቀኑ አንድ ነገር ቀንሱ፣ እሷነቷ ሲጠፋባችሁ የቀነሳችሁትን መልሱ።

እኔ በእናንተ ዕድሜ አያቴን በቅርጾች ብቻ፣ ከትዝታዬ ሳልኳት። ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ የፈተለች ሴት ናት። ሥዕሉን ትኩር ብላ አየችና «እጄስ የታለ፣ ልጄ?» አለችኝ። ያኔ ቁጭ ብላ ትፈትልልኝ ነበር፤ አልጠየቅኳትም። ክሩ በየትኞቹ ጣቶቿ መካከል ያልፍ እንደነበር ዛሬም አላውቅም።