ነጭ ነጥቡ ሲጠፋ

የባሕር ዓሣና ኮራል በቤታችሁ ማኖር ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

በዚህ በሜሪላንድ 26 ዓመት ሙሉ በሰው ቤትና ቢሮ ውስጥ ያሉ የጨው ውሃ አኳሪየሞችን እየተንከባከብሁ ነው እንጀራዬን የበላሁት። ምክር ፈልገው ከሚደውሉልኝ ወጣቶች ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ዓሣዬ ነጭ ነጥብ ወጥቶበት ነበር፤ ዛሬ ግን ለቀቀው፣ ተመስገን» የሚለኝ ነው፤ ምክንያቱም በዚያች ቀን መድኃኒቱን አስቀምጦ እንደሚተኛና ከሁለት ሳምንት በኋላ ግማሹን ዓሣ እንደሚቀብር አውቃለሁ።

ነጥቡን የሚያመጣው ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ የተባለ፣ ከአንድ ሕዋስ የተሠራ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። በዓሣው ቆዳና በሚተነፍስበት ስንጥብ ሥር ገብቶ ከ3 እስከ 7 ቀን ይመገብና ሲጠግብ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጨለማ፣ ራሱን ከዓሣው አላቅቆ አሸዋው ወይም ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል። በዚያም ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ይከፋፈላል፤ ከአንዱ ብቻ 200 እና ከዚያም በላይ ዋናተኞች ይወጣሉ፤ እነዚህም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። እንግዲህ ነጥቡ የጠፋበት ቀን ተሕዋሱ ከዓሣው ወርዶ በአሸዋችሁ ውስጥ መራባት የጀመረበት ቀን ነው። የታመመው ዓሣው ብቻ ሳይሆን ገንዳው በሙሉ እንደሆነ ከገባችሁ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ግልጽ ይሆንላችኋል።

ይህን እኔ የተማርሁት በጥፋት ነው። ሥራ በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት አንድ የጥርስ ሐኪም ክሊኒክ ውስጥ የነበረ፣ ኮራል የሞላበት 400 ሊትር ገንዳ በእጄ ነበር። ከቀይ ባሕር ተይዞ የመጣ፣ ሰውነቱ ሐምራዊ ጅራቱ ቢጫ የሆነ ፐርፕል ታንግ የተባለ ዓሣ ነጥብ አወጣ። ዓሣውን ለመያዝ ድንጋዩን ማፍረስ ስለሚጠይቅ ሰነፍሁና ሰማያዊውን የመዳብ መድኃኒት እዚያው ገንዳው ውስጥ አፈሰስሁት። በማግስቱ ጠዋት መብራቱን ሳበራ ቀንድ አውጣዎቹ በጀርባቸው ተገልብጠው አሸዋው ላይ ተዘርረዋል፤ ሽሪምፖቹ ነጭ ሆነው ደርቀዋል፤ ማታ እንደ አበባ ተዘርግተው የተውኋቸው ኮራሎች ከአጥንታቸው ጋር ተጣብቀው ኩምትር ብለዋል። መዳብ ዓሣ በሚሸከመው መጠን አከርካሪ የሌላቸውን እንስሳት ይገድላል፤ ድንጋዩና አሸዋውም መጥጠው ስለሚይዙት መጠኑን ማስተካከል አይቻልም። ለባለቤቱ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነግሬ፣ ድንጋዩን በሙሉ ጥዬ፣ ኪሳራውን በስድስት ወር ከፈልሁ።

ስለዚህ ኮራል ባለበት ገንዳ ውስጥ መድኃኒት አትጨምሩ። «ለኮራል አይጎዳም» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸውን ጠርሙሶች ብዙ ሞክሬአለሁ፤ በእኔ ፍርድ ኮራሉን የማይጎዳው ተሕዋሱንም አይጎዳውም። ነጭ ሽንኩርት ዓሣው እንዲበላ ሊያበረታታው ይችላል፤ የዩቪ መብራት የዋናተኞቹን ቁጥር ይቀንሳል፤ ጨርሶ የሚያጠፋው ግን አንዱም አይደለም።

የሚያድነው አሠራር ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድም ዓሣ ሳይቀር፣ ጤነኛ የሚመስለውም ጭምር፣ ከገንዳው ይወጣና ወደ ለይቶ ማቆያ ይገባል። ማቆያው አሸዋም ድንጋይም የሌለው ባዶ መስታወት፣ ማሞቂያ፣ የአየር ፓምፕ፣ መደበቂያ የሚሆኑ የፒቪሲ ቱቦዎችና አስቀድሞ በጤናማ ገንዳ ውስጥ ባክቴሪያ ያፈራ የስፖንጅ ማጣሪያ ነው። ይህን ስፖንጅ ሳያዘጋጁ የገቡ ሰዎች ዓሣቸውን የሚገድልባቸው ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውና ባክቴሪያው የሚያስወግደው መርዝ፣ አሞኒያ፣ ነውና በየቀኑ ለኩት። አሞኒያን የሚያስሩ ፈሳሾችን ግን ከመዳብ ጋር አትቀላቅሉ፤ መዳቡን ይበልጥ መርዛማ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ማቆያው ነጻ መዳብ ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ግራም በሊትር ይፈልጋል፤ ከሌላ ነገር ጋር ታስሮ የተዘጋጀው መዳብ እስከ አሥር እጥፍ ሊደርስ ስለሚችል የጠርሙሱን መመሪያ ተከተሉ። መጠኑን በሁለት ሦስት ቀን ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ፤ ከዚያም 30 ቀን ሙሉ ጠብቁት፤ አንድ ቀን ከወረደ ቆጠራውን እንደገና ከአንድ ጀምሩ። መዳብ የማይችሉ ዓሦችን በየ72 ሰዓቱ ታጥቦ ወደ ደረቀና አዲስ ውሃ ወደ ተሞላ ሌላ ገንዳ አራት ጊዜ ማዛወር ይቻላል፤ ተሕዋሱ ወርዶ ሳይፈለፈል ዓሣው ቦታውን ይለቃል። በቀይ ባሕር ዳር በእስራኤል ከተማ በኤላት የሠራው ተመራማሪ አንጀሎ ኮሎርኒ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተመው ጥናት ደግሞ የውሃውን ጨው በማሳነስ ተሕዋሱን መቆጣጠር እንደሚቻል አሳይቷል፤ በእኛ ሥራ ጨዋማነቱን የሚያሳየውን የውሃውን አንጻራዊ ጥግግት ከ1.025 ወደ 1.009 እናወርደዋለን፤ ይህም በማቆያው ብቻ።

ነጥቡ የጨው ቅንጣት ሳይሆን የወርቅ አቧራ ከመሰላችሁና ዓሣው በፍጥነት እየተነፈሰ ፓምፑ አጠገብ ከቆመ፣ ያ አሚሎኡዲኒየም የተባለ ሌላ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ይህኛው ጨው ማሳነስን ይቋቋማል፤ በቀናት ውስጥም ይገድላል፤ ስለዚህ እስኪነጋ ሳትጠብቁ ወደ መዳቡ ሂዱ።

ዋናው ገንዳ ያለ ዓሣ 76 ቀን ይቆያል። ቁጥሩ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ በሽፋኑ ውስጥ ያለው ተሕዋስ እስከ 72 ቀን ቆይቶ ሲፈለፈል በቤተ ሙከራ ታይቷል። በዚህ ጊዜ አንድም ዓሣ አትጨምሩ፤ የማቆያውን መረብ ወይም እርጥብ እጃችሁን ወደ ዋናው አታስገቡ። አዲስ የምትገዙት ኮራልም፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊትም ሽፋኑን ተለጥፎበት ሊያመጣ ስለሚችል እነርሱም ዓሣ በሌለበት ይቆዩ። የኮራል የራሳቸውም ጥገኞች አሉ፦ አክሮፖራ የተባለውን የኮራል ዓይነት የሚበላው ጠፍጣፋ ትል ከኮራሉ መልክ ፈጽሞ አይለይም፤ በሲሪንጅ ውሃ ስትረጩበት ብቻ ስስ ቆዳ መስሎ ተገንጥሎ ይንሳፈፋል። ኮራሉ የሚነከርበት የማጥለቂያ መድኃኒት ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይነካውምና ከሥር ያለውን የሞተ አጥንት በማጉያ መስታወት አይታችሁ ቡናማውን እንቁላል ፋቁት።

በ77ኛው ቀን እኔ ዓሣዎቹን የምመልሰው ማታ፣ መብራቱን አጥፍቼ ነው። የሁለቱን ውሃ ጨውና ሙቀት አስተካክላለሁ፤ የማቆያው ውሃ አብሮ እንዳይገባ አንድ በአንድ በእጄ አሻግራለሁ፤ ከዚያም ወንበር ስቤ በጨለማው ውስጥ ማደሪያ ጉድጓዳቸውን ሲፈልጉ እመለከታቸዋለሁ።