ሁለተኛው ሥራ አንደኛውን ሳይጠብቅ ሲነሳ

ይሄ ነገር እኔንም በደንብ አቃጥሎኛል። የሽያጭ ትዕዛዞችን ወደ ቴብል የሚጭነው ታስክ (ሥራ) ሳያልቅ የዕለቱን ድምር የሚሠራው ይነሳል፣ ኤርፍሎው (የዳታ ሥራዎችን በተራቸው የሚያስነሳው ሶፍትዌር) ላይ ግን በቅደም ተከተል ጽፌያቸዋለሁ ነው ያልከው አይደል?

ፋይሉ ውስጥ የትኛው ከላይ እንደተጻፈ ኤርፍሎው ግድም አይሰጠው። የሚያየው ያሰርከውን ጥገኝነት ብቻ ነው። ጫን >> ደምር ብለህ ካላገናኘሃቸው ሁለቱንም እኩል ይለቃቸዋል። አንዳንዴ በፈለግከው ተራ ሲሄዱ ታያለህ፤ አትመነው፣ ዕድል ነው።

«ሁለተኛውን 30 ደቂቃ አዘግየው» የሚልህ ሰው አይጠፋም። እኔም በክሮን (ሰዓት ብቻ አይቶ ሥራ በሚያስነሳው ፕሮግራም) ጊዜ እንደዛ ነበር የማደርገው። ጫኙ ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ደማሪው 7 ሰዓት ተኩል። ለወራት ሠራ። ከዛ የወር መጨረሻ ላይ ዳታው በዛና ጫኙ 40 ደቂቃ ፈጀ፣ ደማሪው ግን በሰዓቱ ተነስቶ ያገኘውን ግማሽ ቴብል ደምሮ ቁጭ። ኤረር የለም። ሎጉ ንጹህ። ከሦስት ቀን በኋላ ሂሳብ ክፍል ነው ያወቀው። ወድቆ ቢሆን በስንት ጣዕሙ!

ትራንስፎርሜሽኑን (የተጫነውን ዳታ መቀየሩን) በዲቢቲ፣ ማለትም ለዚሁ በተሠራው መሣሪያ፣ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ሞዴሎችህን (ቴብል የሚያወጡትን የኤስኪውኤል ፋይሎች) ከፍተህ እያንዳንዱ ከየት እንደሚያነብ እይ። የቴብሉን ስም በቀጥታ ከጻፍከው ዲቢቲ ዝምድናቸውን አያውቅም፤ ተራውን የሚያወጣው በ«ሬፍ» (ሌላ ሞዴል በሚጠራበት የዲቢቲ ፈንክሽን) ስትጠራው ነው። እኔ አንዷን ረስቼ ሞዴሉ የትናንቱን ቴብል ሲያነብ ከርሟል።

ወደ ኤርፍሎው ስንመለስ፣ ትሪገር ሩሉን (ታስኩ መቼ እንደሚነሳ የሚወስነውን ደንብ) ካልነካኸው «ኦል ሰክሰስ» ነው፣ ማለትም ከፊቱ ያሉት ሁሉ ካልተሳካላቸው አይነሳም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ብራንች (የመንገድ ምርጫ) ሠርቶ አንዱ መንገድ ስኪፕ ሲሆን (ሲታለፍ) መገናኛው ላይ ያለውም አብሮ ስኪፕ ይሆንበትና ተናዶ ወደ «ኦል ደን» (ተሳኩም ወደቁም ሁሉም ካለቁ ተነሳ) ይቀይረዋል። እሱ እኮ ጫኙ ቢወድቅም ደማሪውን ያስነሳዋል! ለዛ ቦታ «ነን ፌይልድ ሚን ዋን ሰክሰስ» (አንድም ካልወደቀና ቢያንስ አንዱ ከተሳካ ተነሳ) አለልህ። «ኦል ደን»ን ጊዜያዊ ፋይል ለማጽዳት ተወው።

የትናንቱ ዙር ሳያልቅ የዛሬው እንዳይነሳ ከፈለግክ ማክስ አክቲቭ ረንስን (በአንዴ የሚሄዱ ዙሮችን ጣሪያ) 1 አድርገው። ግን ሁሉንም በአንድ ገመድ አትሰር። ደንበኞችና ዕቃዎች እርስ በርስ ካልተፈላለጉ ጎን ለጎን ይሂዱ፣ ሌሊቱ ያጥርልሃል።

ስትጨርስ ጫኙን ሆን ብለህ ጣለው። ደማሪው «አፕስትሪም ፌይልድ» (ከፊቴ ያለው ወድቋል) ብሎ ከቆመ ታስሯል ማለት ነው።