ቆርኪውን ሸፍኚው

እህቴ፣ የስድስት ዓመት ልጅሽ እስከ መቶ እየቆጠረ «አምስት ሲደመር ሦስት?» ሲባል በቆርኪ ሲቆጥር ሁልጊዜ ከአንድ መጀመሩ፣ ቆርኪው ሲነሳበት ደግሞ ዝም ማለቱ አሳስቦሻል። ምን ዓይነት መማሪያ ብትገዢለት እንደሚሻልና ቁሳቁሱ መቼ መነሳት እንዳለበትም ጠይቀሻል። በአፀደ ሕፃናትና በአንደኛ ክፍል ለብዙ ዓመታት ያስተማርኩ ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ። ምንም አትግዢ። ቆርኪው ይበቃል፤ የጎደለው መሸፈኛ ነው።

ልጁ ከአንድ የሚጀምረው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ስምንቱም ቆርኪ ፊት ለፊቱ ተዘርግቶ እያየው ሌላ መንገድ የሚፈልግበት ምክንያት የለውም። እያየ መቁጠር መልሱን ይሰጠዋል፤ እኛ «ከአምስት ቀጥል» ብንለው ለምን እንደሆነ አይገባውም። ምክንያቱን የሚሰጠው የማይታየው ክፍል ነው።

እንዲህ አድርጊ። አምስት ቆርኪ አስቆጥሪውና እያየ ጎድጓዳ ሳህን ድፊበት። ከሳህኑ አጠገብ ሦስት ቆርኪ አስቀምጪ፤ «ሁሉም አንድ ላይ ስንት ናቸው?» በዪው። በመጀመሪያ ሳህኑን ሊገልጥ እጁን ይሰዳል። ይግለጥ፤ አይቶ መልሶ ይድፋው። ቆይቶ የሚመጣው ነገር እኔን እስከ ዛሬ ያስደስተኛል፦ ሳህኑን ሳያነሳ ጀርባውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት» ይላል፤ ከዚያ ወደ ውጪዎቹ ተሻግሮ «ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት»። ላይ ላዩን ሲታይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ አሁንም ከአንድ ነው የጀመረው። ነገር ግን የማያያቸውን ቆርኪዎች ቆጠረ። ብዙ ወላጅ ትዕግሥቱ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፤ «ከአምስት ጀምር ብዬህ አልነበረም?» ይልና ልጁን ያስደነግጠዋል። አንቺ «ከሳህኑ ሥር ስንት አለ?» ብቻ በዪው። «አምስት» ሲል መዳፉን ሳህኑ ላይ ያሳርፍ፣ ከዚያ ይቀጥል። ውሎ አድሮ መታ መታው ራሱ ይቀራል።

ቀጥሎ የሚመጣ አንድ ስህተት አለ፤ ስታዪው እንዳትደነግጪ አስቀድሜ ልንገርሽ። ከአምስት መጀመርን የለመደ ልጅ ከውጪዎቹ የመጀመሪያዋን ቆርኪ ነክቶ «አምስት» ይላል፤ ስለዚህ «አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት» ብሎ ሰባት ይመልስልሻል። ሳህኑን ገልጣችሁ ቁጠሩና ልዩነቱን ራሱ ይየው። «አምስት» የሚለው ቃል የሳህኑ ነው፤ የመጀመሪያዋ ቆርኪ ድርሻ «ስድስት» ነው። መዳፉን ሳህኑ ላይ ማሳረፉ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሲደላደል ሁለት ሸፍነሽ ሰባት ውጪ አስቀምጪለት። ረጅሙ ቆጠራ ይሰለቸዋል። «ሰባቱን ብንሸፍንስ?» የሚለውን ሐሳብ ራሱ ካመጣው እሰየው፤ ካላመጣው አንቺ ጣል አድርጊለት።

መልሳችሁ ከአስር በላይ መሄድ ሲጀምር የእንቁላል ካርቶን ፈልጊ። ሠላሳ የሚይዘው ስድስት ረድፍ ነው፣ በየረድፉ አምስት ጉድጓድ። ሁለት ሁለት ረድፍ አድርገሽ ብትቆርጪው ባለ አስር ጉድጓድ ሦስት ሰሌዳ ይወጣዋል። ስምንት ሰማያዊ የውኃ ጠርሙስ ክዳን አስቀምጪበትና አምስት ነጭ ክዳን በእጁ ስጪው። ሁለቱን ባዶ ጉድጓዶች ዓይኑ ያገኛቸዋል፤ ሁለት ይከትባቸዋል፣ ሦስት በእጁ ይቀራል። አንድ ሙሉ አስርና ሦስት። ይህንኑ በቃል ላስረዳ ብትዪ ሁለታችሁም ትደክማላችሁ።

በጣቱ መቁጠሩን አትከልክይው። «ጣትህን ደብቅ» የሚል መምህር ሲያጋጥመኝ አልወድለትም፤ ልጁ ጠረጴዛ ሥር ደብቆ መቁጠሩን ይቀጥላል፣ የሚጨምረው ሀፍረት ብቻ ነው።

ስለሚገዛው ነገር ደግሞ ይህን ያህል ልበል። አባከስ (በሽቦ ላይ የተሰካ የዶቃ መቁጠሪያ) መጥፎ አይደለም፤ ችግሩ ዶቃው ሁሉ ሁልጊዜ ይታያል፣ ስለዚህ የልጅሽን ልማድ ያጠናክርለታል። ለሒሳብ መማሪያ የሚሆኑት፣ ርዝመታቸው በቀለም የሚለየው ዘንጎች ግን ለሌላ ጊዜ ይጠቅሙሻል። ቤልጅየማዊው መምህር ጆርጅ ኩዊዜኔር ናቸው የፈጠሯቸው፤ ነጩ አንድ ሴንቲ ሜትር፣ ብርቱካናማው አስር ነው። ቢጫውን አምስትና ነጣ ያለውን አረንጓዴ ሦስት ጫፍ ለጫፍ ስታጋጥሚያቸው ከቡናማው ስምንት ጋር እኩል ይሆናሉ፤ ምንም ሳይቆጠር። በነገራችን ላይ ዘንጎቹን በዓለም ያስተዋወቁት በግብፅ የተወለዱት ካሌብ ጋቴኞ እ.ኤ.አ. በ1957 በዩኔስኮ ተልዕኮ አገራችን መጥተው የአማርኛ ንባብ ትምህርት ላይ ሠርተዋል። ዘንጎቹን ከጠንካራ ካርቶን በማስመሪያ ለክተሽ ራስሽ ልትሠሪያቸው ትችያለሽ። ልጅሽ በሳህኑ ከተደላደለ በኋላ ግን ይሁን፤ አሁን ብትሰጪው ዘንጉንም አንድ ሁለት እያለ ሊቆጥረው ይፈልጋል።

የመደመርና የእኩል ይሆናል ምልክቶችን አታስቸኩዪ። በመጀመሪያ ታሪኩን በአፉ ይናገረው፦ «አምስት ሸፈንን፣ ሦስት ጨመርን፣ ስምንት ሆነ።» ከዚያ የተናገረውን ጻፊለት። አንዳንዴ 8 = 5 + 3 ብለሽ ገልብጠሽ ጻፊው፤ ሁልጊዜ 5 + 3 = ብቻ ያየ ልጅ ሁለቱን መስመር «እዚህ መልስ ጻፍ» የሚል ትእዛዝ አድርጎ ይይዘዋል። በኋላ ክፍል ይህን ማስለቀቅ ለመምህራን ብዙ ድካም ነው።

ቁሳቁሱ መቼ ይነሳ ላልሽው፣ አንድ ቀን መጥቶ የሚነጠቅ ነገር አይደለም። በመጀመሪያ አንደኛው ክምር ይሸፈናል፤ በኋላ ሁለቱንም አስቆጥረሽ ሁለቱም ይሸፈናሉ። ከዚያ ቆርኪም ሳህንም ሳይኖር «በኪሴ አምስት ከረሜላ ነበረኝ፣ አያትህ ሦስት ጨመሩልኝ» ትዪዋለሽ። ከተቸገረ ቆርኪውን መልሺለት፤ ወደ ኋላ መመለስ እንዳይመስልሽ። ሲያዛጋ ደግሞ አቁሚ።

ታናሽ ካለው በቆርኪው ፋንታ ባቄላና ሽምብራ አትጠቀሚ። ትንንሾቹ አፍንጫና ጆሯቸው ውስጥ ይከቱታል፣ ውኃ ሲነካው ደግሞ ያብጣል፤ ለማውጣትም ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ይሆናል። ቆርኪውም ቢሆን ታናሹ እጅ እንዳይገባ፤ ጠርዙ የሚቧጥጠውን ለይተሽ ጣዪ፣ የቀረውን በሳሙና እጠቢው።