ጋዜጣ የማያነበውን ተመልካች አትርሱ

ውድ ልጆቼ፣

ፊልም የምትሠሩም ሆነ የሰው ፊልም የምታስተዋውቁ ወጣቶች ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ጋሼ፣ ሰው ወደ ሲኒማ ቤት እንዲመጣ ምን እናድርግ?» ዕድሜዬን የጨረስኩት በማስታወቂያ ሥራ ስለሆነ ጥያቄያችሁ ይገባኛል። እኔ ግን መልሱን ከቲክቶክ አልጀምርም። ከድምፅ አልባው ፊልም ዘመን፣ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ከነበረችው ከህንዷ ከተማ ከቦምቤይ፣ ከዛሬዋ ሙምባይ እጀምራለሁ። የሙያችን አስቸጋሪ ጥያቄዎች እዚያ ቀድመው ተነስተዋል።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 1896 ማሪዩስ ሴስቲዬ የሚባል፣ ፊልምን ለሕዝብ ማሳየት የጀመሩት የፈረንሳዮቹ የሉሚዬር ወንድማማቾች ወኪል፣ በዋትሰን ሆቴል ስድስት አጫጭር ፊልሞች አሳየ። ባቡር ጣቢያ ሲገባ፣ ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ፣ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ፓሪስ ላይ ሕዝብ ከፍሎ ፊልም ካየ ገና ዓመት አልሞላም ነበር። ማስታወቂያው ታይምስ ኦፍ ኢንዲያ ላይ ወጣ። «የክፍለ ዘመኑ ተአምር፣ የዓለም ድንቅ» ይላል። መግቢያው አንድ ሩፒ።

እስቲ ይህን ማስታወቂያ በጥሞና እዩት። ጋዜጣው የእንግሊዝኛ ነው። ሆቴሉ በአብዛኛው አውሮፓውያን የሚያርፉበት ነው። አንድ ሩፒ ደግሞ ለጉልበት ሠራተኛ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። እንግዲህ ማስታወቂያው የከተማዋን ጥቂት ሰው ብቻ ነው የጠራው። ሌላው የቦምቤይ ሕዝብ መጠራቱንም አያውቅም።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በሳምንቱ ትርኢቱ ኖቬልቲ ወደሚባለው ቲያትር ቤት ሲዛወር ዋጋው ከአራት አና እስከ ሁለት ሩፒ ሆነ። አንድ ሩፒ አሥራ ስድስት አና ነው። ስለዚህ በሆቴሉ ዋጋ ሩብ መግባት ተቻለ። በባህላቸው በባዕድ ወንድ ፊት ለማይታዩ ሴቶችም ከነቤተሰባቸው የሚቀመጡበት የተከለለ ቦታ ተዘጋጀ። ፊልሙ ምንም አልተለወጠም። የተለወጠው በሩ ነው። እናንተም ፖስተር ከመሥራታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፤ መምጣት እየፈለገ የማይመጣው ማን ነው? ያገደውስ ምንድን ነው? የትኬት ዋጋ ነው? ማታ ሲወጣ ታክሲ ማጣት ነው? ወይስ ብቻዋን የመጣች ሴት በሰላም የማትቀመጥበት አዳራሽ ነው? ይህን ማስታወቂያ ብቻውን አይፈታውም።

አሁን ወደ ህንዳዊው የፊልም ሠሪ ወደ ዳዳሳሄብ ፋልኬ ልውሰዳችሁ። እሱን ሳነሳ ሁሌም ልቤ ይሞቃል። የክርስቶስን ሕይወት የሚያሳይ የውጭ ፊልም ቦምቤይ ውስጥ አይቶ ሲወጣ አንድ ሐሳብ ያዘው፤ የእኛስ አማልክት፣ የእኛስ ነገሥታት በሸራ ላይ የማይታዩት ለምንድን ነው? ንብረቱን ሸጠ። ባለቤቱ ሳራስዋቲባይ ለሠራተኞቹ በሙሉ ምግብ እያበሰለች ፊልም በማጠቡም ሥራ ታግዘው ነበር። ስለ እውነት ብሎ ሁሉን ያጣውን ንጉሥ ታሪክ ሠራ። ራጃ ሃሪሽቻንድራ የተባለው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 1913 ጊርጋም ሰፈር በሚገኘው ኮሮኔሽን ሲኒማ ለሕዝብ ቀረበ። በዚያው መርሐ ግብር ጭፈራና ቀልድ፣ በእግሩ ዕቃ እያሽከረከረ የሚጫወት ትርኢተኛም ነበረበት። ሰው ለለመደው ነገር ይመጣል፣ አዲሱንም አይቶ ይሄዳል።

ሱራት የምትባል ከተማ ላይ ግን የመጀመሪያው ቀን ገቢ ሦስት ሩፒ ብቻ ነበር ይባላል። የአገሬው ሰው የለመደው ለብዙ ሰዓት የሚዘልቅ ቲያትር ነው፤ አጭር ፊልም ገንዘቡን የሚያስበላው መሰለው። ፋልኬ ፊልሙን አላስረዘመም። በአገሬው ቋንቋ በጉጃራቲ ማስታወቂያ አወጣ፤ 57 ሺህ ፎቶግራፍ ታያላችሁ አለ። አዳራሹ ሞላ። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። ተመልካቹ «ገንዘቤ ምን ያስገኝልኛል?» እያለ ነበር፣ ፋልኬም ለዚያው ጥያቄ መለሰ። እናንተ «እጅግ አስደናቂ ፊልም» ብላችሁ ስትጽፉ ለማን ጥያቄ ነው የምትመልሱት?

አዳራሹ ውስጥስ? ድምፅ አልባ የሚባለው ፊልም ዝም ብሎ የሚታይ እንዳይመስላችሁ። ከሸራው አጠገብ ሃርሞኒየምና ታብላ የሚባለውን የህንድ ከበሮ የሚጫወቱ ነበሩ። በዚያ ዘመን ህንድ ውስጥ ማንበብ የሚችለው ከአሥር ሰው አንድ አይሞላም ነበር፤ ስለዚህ ሸራው ላይ ጽሑፍ ሲመጣ ማንበብ የሚችለው ጮክ ብሎ ለጎረቤቱ ያነባል። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ይሳደባል፣ ያለቅሳል። ፋልኬ እ.ኤ.አ. በ1917 ላንካ ዳሃን የተባለውን ፊልም ሲያወጣ የሂንዱዎች አምላክ ራማ በሸራው ላይ ብቅ ሲል ተመልካቾች ጫማቸውን ያወልቁ ነበር። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ እንደምናደርገው ማለት ነው። ልብ በሉ፣ የእኛው አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤቷን «ሰይጣን ቤት» ብላ ነበር የጠራችው። መሣሪያው ያው ነው። ሰው የራሱን ነገር ሸራው ላይ ሲያገኝ ግን ፍርሃቱ ወደ አክብሮት ይዞራል።

ተመልካች እናንተ ያላሳያችሁትንም ያያል። እ.ኤ.አ. በ1921 ብሃክታ ቪዱር የተባለ ፊልም ወጣ። ታሪኩ የጥንት ነው፣ ማሃባራታ ከሚባለው ጥንታዊ የህንድ የግጥም ድርሳን የተወሰደ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ግን የጋንዲን ቆብና በእጅ የተፈተለ ልብስ አድርጎ ታየ። ሕዝቡ ነገሩን ያለ አስተርጓሚ ገባው። የቅኝ ገዢው መንግሥትም ገባውና ፊልሙ በማድራስና በካራቺ ታገደ።  ልጆቼ፣ ሰውን አትናቁ። ካልተማረ አይገባውም ብሎ ፊልም ማስተዋወቅ ትልቅ በደል ነው።

በመጨረሻ አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1931 አላም አራ የተባለው ፊልም በድምፅ ሲመጣ የድምፅ አልባው ዘመን ማክተም ጀመረ። ህንድ ውስጥ ከሺህ በላይ ድምፅ አልባ ፊልሞች ተሠርተው ነበር፤ ዛሬ ያሉት በጣም ጥቂት ናቸው። አንዳንዱ ተቃጠለ፣ አንዳንዱ ውስጡ ያለውን የብር ማዕድን ለማውጣት ቀለጠ። ፑኔ ላይ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፣ ብዙው ካለቀ በኋላ። ዛሬ ስለ ጠፉት ፊልሞች የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከጋዜጣ ማስታወቂያና ከወረቀት ነው።

እኛም አገር ፒያሳ ላይ የተለጠፈ ፖስተር በሳምንቱ ሌላ ይለጠፍበታል፣ የፌስቡኩም ገጽ ከስልኩ ጋር ይጠፋል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ፊልም ፖስተር ሁለት ሁለት ቅጂ አስቀሩ። ጀርባው ላይ ቀኑን፣ ሲኒማ ቤቱን፣ የትኬቱን ዋጋና የሠዓሊውን ስም በእስክሪብቶ ጻፉ። አንዱን ቤታችሁ አኑሩ፤ ሌላውን ይዛችሁ ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ሂዱና እንዲያስቀምጡላችሁ ጠይቁ።