ነፋሱ ሲቀያየር ኮምቦልቻ ላይ ማረፍ፦ ጥያቄና መልስ

ጠያቂዎቹ ተማሪ አብራሪዎች ናቸው፤ አውሮፕላኑ ሴስና 172 (ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን)።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ነፋሱ 12 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው)፣ ድንገት ሲበረታ ደግሞ እስከ 22 ከተባልኩ በስንት ልቅረብ?

መልስ፦ የልዩነቱን ግማሽ ጨምር። ልዩነቱ 10 ነው፤ በ65 ትቀርብ ከነበረ በ70 ና። አስሩንም የሚጨምር አለ፤ አውሮፕላኑ አልቀመጥ ይለውና ማኮብኮቢያው ያልቅበታል።

ጥያቄ፦ ከሰዓት በኋላ ስገባ መሬቱ ከልክ በላይ ይሮጥብኛል። የፍጥነት መለኪያው ይሆን?

መልስ፦ አብሽር፣ መለኪያው ደህና ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 6,100 ጫማ ገደማ ነው። ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲገባ አየሩ ይሳሳና አውሮፕላኑ 9,000 ጫማ ላይ እንዳለ ይሆናል። መርፌው 65 ሲል እውነተኛ ፍጥነትህ 75 ገደማ ነው፤ ነፋስ ከሌለ መሬቱም በዚያው ልክ ይሮጣል። ዓይንህን አምነህ መሪውን ከሳብክ መርፌው ይወርዳል። በዚያ ላይ የፊት ነፋሱ ድንገት 10 ኖት ቢቀንስብህ ስቶል ውስጥ ትገባለህ፣ ማለትም ክንፉ መሸከም ያቅተዋል፤ ያውም መሬት አጠገብ። መርፌውን እመን።

ጥያቄ፦ የጎን ነፋስ በጭንቅላት እንዴት ይሰላል?

መልስ፦ ከማኮብኮቢያው 30 ዲግሪ ካጋደለ ግማሹን፣ 45 ከሆነ ሰባት አስረኛውን፣ ከ60 ወዲያ ሁሉንም ቁጠር። በ12 ሳይሆን በ22 አስላ፤ ፋብሪካው ፈትኖ ያሳየው 15 ኖት ነው።

ጥያቄ፦ ከነካሁ በኋላ ወደ ጎን የሚወስደኝስ?

መልስ፦ መሪውን ቶሎ ስለምትለቅ ነው። ነፋሱ ከግራ ከሆነ መሪው ወደ ግራ፣ እግርህ የቀኝ ፔዳል ላይ፤ አይለሮኑ (በመሪው የሚታዘዘው የክንፍ ቅጠል) መንሸራተቱን ይይዛል፣ ረደሩ (በፔዳሉ የሚታዘዘው የጅራት ቅጠል) አፍንጫውን ከመስመሩ ጋር ያስተካክላል። የግራው ጎማ ይቀድማል። ፍጥነት ሲቀንስ አይለሮኑ ስለሚደክም መሪውን እስከ ጥግ ጨምርበት።

ጥያቄ፦ ልነካ ስል ነፋሱ ከጀርባ ቢዞርስ?

መልስ፦ ተነስና ዙር። መመሪያው ለየ2 ኖቱ የጀርባ ነፋስ የማረፊያ ርቀት ላይ 10 በመቶ ያስጨምራል። ስሮትል (የሞተሩ ኃይል መቆጣጠሪያ) ሙሉ፣ የካርቡሬተር ማሞቂያ (የሞተሩ በረዶ መከላከያ) ዝግ፣ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ቅጠል) ወደ 20 ዲግሪ። ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ድብልቅ ማስተካከያውን) ግን በልምድ እስከ መጨረሻ እንዳትገፋው! እዚህ ከፍታ ላይ ነዳጁ በዝቶ ሞተሩን ያንቀዋል፤ ከመግባትህ በፊት ለከፍታው አስተካክለው። ያም ሆኖ ከሞተሩ ኃይል ሩብ ያህሉ የለም፣ ዙሪያውም ተራራ ነው፤ ስለዚህ ውሳኔው ጎማው ሳይነካ ይሁን።

ጥያቄ፦ የሚሻለው ሰዓት?

መልስ፦ ማለዳ። ፀሐይ ተራራውን ስታሞቀው ነፋሱ ከሸለቆው ወደ ደሴ ዳገት መውጣት ይጀምራል፤ ሲመሽ ይገለበጣል።